ምጥ ክፍል ማን ይግባልኝ?

ባህር ዳር ውስጥ አንዲት ሴት ብቻዋን ወለደች ቢባል ማንም አያምንም። እርግዝና እዚህ የሰፈር ጉዳይ ነው። ሆዴ ገና ገፋ ማለት ሲጀምር የማላውቃት ቲማቲም ሻጭ ሳትቀር «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብላ መርቃኛለች፤ ቲማቲምም ጨምራልኛለች። ባጃጅ ውስጥ ምቹውን ቦታ ይለቁልኛል። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ሆዷ ሾጠጥ ብሏል፣ ወንድ ነው»፣ «የለም፣ ፊቷ ጠርቷል፣ ሴት ናት» እያሉ እኔው ፊት ይከራከራሉ። እናቴ ደግሞ የአጥሚቱን እህል አስፈጭታ ከጨረሰች ቆየች።

ከወለዱ በኋላም ያው ነው። ገንፎው፣ እልልታው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚለው ጠያቂ። አራስ ቤት ሰው የሚጠፋበት ሰዓት የለም። እንዲያውም ትንሽ ቢጠፋ ደስ የሚላት አራስ አትጠፋም፤ አንዷ እኔ ነኝ።

ሰው የሚጠፋው መሃል ላይ ነው። ከሆስፒታሉ በር ጀምሮ ልጁ እስኪያለቅስ ባሉት ሰዓታት። ያን ሁሉ ሕዝብ ጥበቃው በሁለት ቃል ይመልሰዋል፦ «አስታማሚ ውጪ!»

አሁን ሁለተኛ ልጄን ልወልድ ስምንተኛ ወር ገብቻለሁ። ለእነዚያ ሰዓታት ሰው ልቅጠር ወይስ ይቅር የሚለው ጥያቄ ቤታችንን ለሁለት ከፍሎት ሰነበተ። ይህን የምጽፈው ውሳኔዬን ለማስረዳት ነው፤ በተለይ «ሠልጥነሻል መሰለኝ» እያሉ ለሚስቁብኝ ጓደኞቼ።

የምቀጥራት ሴት ሥራ በሌላው ዓለም ዱላ ይባላል። (ከሚያማው ዱላ ጋር እንዳታምታቱት። ቀልዱን ባለቤቴ ጨርሶታል፤ «ምጡ አነሰሽና ነው ዱላ የምትጨምሪበት?» ብሎ።) ዱላ ሐኪም አይደለችም። አዋላጅ ነርስም አይደለችም። የማህፀን በር ስንት ሴንቲ እንደተከፈተ አትለካም፣ የጽንሱን የልብ ምት አታዳምጥም፣ መርፌ አትወጋም። ሥራዋ አጠገብሽ መቀመጥና አለመሄድ ነው። ምጡ ሲመጣ ወገብ ትይዛለች፣ አተነፋፈስ ታስታውሳለች፣ ውሃ ታጎነጫለች፣ ተነሽ ትላለች፣ ዙሪ ትላለች። ሐኪሙ ተናግሮ ሲወጣ «ያለው እንዲህ ማለቱ ነው» ብላ ታስረዳለች። ይኸው ነው። ለዚህ ገንዘብ ይከፈላል ወይ? ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። እናቴ፣ አክስቶቼና የባለቤቴ እህት ፔርሙዝና ጨርቅ ተሸክመው መጡ፤ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀመጡ። እኔ ገባሁ። አልጋዎቹ ተጠጋግተዋል። መጋረጃ ያለው ከፊሉ ብቻ ነው። አዋላጇ ነርስ ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ግን የእኔ ብቻ አልነበረችም። አንዷ ልጇ ሊወጣ ነው፣ አንዷ ደም ግፊቷ ጨምሯል፣ አንዷ ከገጠር በአምቡላንስ መግባቷ ነው። ወደ እኔ ስትመጣ ትለካኛለች፣ የምጡ ሂደት የሚመዘገብበት ቅጽ (ፓርቶግራፉ) ላይ ትጽፋለች፣ «ገና ነሽ» ትለኛለች፣ ትሄዳለች። ዋናው ምጥ የሚቆጠረው የማህፀን በር 5 ሴንቲ ሜትር ከተከፈተ በኋላ መሆኑን ያኔ የነገረኝ የለም። እኔ «ገና ነሽ» ስባል ከዚህ የባሰ አለ ማለት መስሎኝ ነበር የተንቀጠቀጥኩት።

ውሃ ጠማኝ። ውሃው እናቴ ጋ ነው፤ እናቴ ውጪ ናት።

ከዚያ ቀን የማልረሳት የጽዳት ሠራተኛዋን ነው። መወልወያዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መጣችና እጄን ያዘች። «ትከሻሽን ልቀቂው እንጂ! በትከሻ አይወለድ» አለችኝ። እዚያ ምጥ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ። ከዚያ ወገቤን በጡጫዋ ደግፋ ያዘችልኝ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን የሚቻል ሆነ። ወዲያው አለቃዋ ጠራቻትና ሄደች። ልጄ በሰላም ተወለደ፣ እኔም ደህና ወጣሁ፤ የሐኪሙን ፊት ግን ዛሬ መንገድ ላይ ባየው አላውቀውም። የእሷን አልስትም።

ስለዚህ ጓደኛዬ ስለ ዱላ ስትነግረኝ አዲስ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም።

እስቲ መጀመሪያ በሩን ለዘጉት ሰዎች ልፍረድላቸው። ክፉ ሆነው አይደለም። ብዙ አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ የእኔ እናት ስትገባ የሌላዋን ገላ ታያለች። ባል ሲገባማ ነገሩ ይብሳል። አንድ አስታማሚ ከተፈቀደ ደግሞ አራት ይገባል፤ እኛው ነን፣ እንተዋወቃለን። የገባው ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ያለቅሳል፣ «ለምን አትነኳትም?» ብሎ ነርሷ ላይ ይጮሃል፣ ቅቤ ከኪሱ ያወጣል። አንዲት አዋላጅ ለብዙ እናት እየተሯሯጠች ይህን ሁሉ ልትችል አትችልም።

ቢሆንም መመሪያው ከበሩ ጋር አይስማማም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ እንክብካቤ ምክሩ፣ ምጥ ላይ ያለች ማንኛዋም ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው እስከ መጨረሻው አብሯት እንዲሆን ይላል። የተለየ ችግር የሌለባት እናት ምጥ ላይ ሳለች እንድትጠጣ፣ እንድትበላ፣ እንድትንቀሳቀስም ያው ሰነድ ይመክራል። የእኛም ጤና ሚኒስቴር ባለሙያዎቹን «ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ሁኑ ካለ ዓመታት አለፉ። ርኅራኄው ቢኖርም እንኳ፣ አንድ ሰው ለስንት ይድረስ?

ጥናቶቹንም አገላብጬ አየኋቸው። በዚህ ጉዳይ ብዙ የሚጠቀሰው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ የጓቲማላ ሥራ ነው። እዚያም እንደኛው ዘመድ አይገባም ነበር። ተመራማሪዎቹ ለአንዳንዶቹ እናቶች የማያውቋትን ሴት አጠገባቸው አስቀመጡላቸው፤ እጅ የምትይዝ፣ ጀርባ የምታሽ፣ የምታወራ። ሰው ያልነበራቸው እናቶች ምጥ በአማካይ 19.3 ሰዓት ሲፈጅ፣ ሰው የነበራቸው ወደ 9 ሰዓት ገደማ ወረደ። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ታዲያ ምን ያስደንቃል?» አለችኝ። እኔ ግን ትንሽ ተጠራጠርኩ። የተነጻጸሩት ጥቂት እናቶች ናቸው። እንዲህ ያለ ትልቅ ልዩነት ከጥቂት ሰው ሲወጣ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

መጠራጠሬ አልከፋም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ተመራማሪዎች ከ17 አገሮች 26 ጥናቶችን፣ ከ15,000 በላይ እናቶችን አንድ ላይ አድርገው ሲያዩት፣ የምጡ ማጠር 41 ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። የ10 ሰዓቱ ልዩነት ወደ 41 ደቂቃ! ዱላ የሚሸጡ ሰዎች የጓቲማላውን ነው የሚነግሩን። ነገር ግን 41 ደቂቃውን አትናቁት፤ ምጥ ላይ የነበረች ሴት ደቂቃን ታውቃለች። ደግሞ ዋናው ነገር ደቂቃው አይደለም። ያው ግምገማ እንዳሳየው፣ ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙት እናቶች በኦፕራሲዮን የመውለዳቸው ዕድል በሩብ ያህል ቀንሷል። ስለ ወሊዳቸው በመጥፎ ስሜት የሚያወሩትም ከእነሱ መሃል ጥቂት ናቸው።

ሁለት ነገር ይበልጥ ገረመኝ። አንደኛ፣ ኦፕራሲዮንን በመቀነስ በኩል ውጤቱ የጎላው እንደ ወገብ መርፌ ያለ የሕመም ማስታገሻ እንደ ልብ በማይገኝባቸው ቦታዎች ነው። ያ ማለት እኛ ጋ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ውጤቱ የጎላው አጋዧ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ሳትሆን፣ ዘመድም ሳትሆን ስትቀር ነው። ለዚሁ ሥራ ብላ የመጣች ባዕድ ስትሆን።

ይህን ሁለተኛውን ለእናቴ አልነገርኳትም።

ምክንያቱም እናቴ ነገሩን መጀመሪያ የሰማች ቀን ቡናውን ቀድታ ሳትጨርስ ጀበናውን አስቀመጠችና «እኔ ሞቻለሁ?» አለች። ቀጠለች፦ «እናት እያለሽ፣ አክስት እያለሽ፣ ለሰው ከፍለሽ ልታምጪ? ሰው ምን ይለኛል?»

እናቴ የዘጌ ሴት ናት። በእሷ ዘመን ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ሲጨንቃት የሰፈሩ ሴቶች ይሰበሰባሉ። በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አንዷ ከኋላ ታቅፋ ደግፋት፣ አንዷ ከፊት እጇን ሰጥታት ታምጣለች። ወንዶቹ ደጅ ሆነው ይጸልያሉ፤ ከውስጥ «ማርያም ማርያም» ይባላል። የልምድ አዋላጇ ሴትዮ ገመድና ምላጩን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ። እናቴ ይህን ስታወራ ደስ ይላታል፤ እኔም ስሰማ ደስ ይለኛል። የዛሬዎቹ መጻሕፍት ቀና ብለሽ አምጪ፣ ሰው ይደግፍሽ ሲሉ ይሄንኑ ነው የሚሉት።

ግን የእናቴ ታላቅ እህት የሞተችው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው። በሰው ተከባ። ልጁ ወጣ፣ እልል ተባለ፣ ደሙ ግን አልቆም አለ። ጀልባ ተፈለገ፣ ሐይቁ ተናውጦ ነበር፣ እስኪረጋ ተጠበቀ። ሴቶቹ ሁሉ አጠገቧ ነበሩ። አንዳቸውም የሚያደርጉት አልነበራቸውም። ዛሬ ልጁ እንደወጣ ጭን ላይ የሚወጋው 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ያኔ ዘጌ ቢኖር ኖሮ፣ ያቺም አክስቴ ትኖረኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ለዚህ ነው «ድሮ እቤት በዘመድ መሃል መውለድ እንዴት ጥሩ ነበር» የሚሉኝን የማልታገሰው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100 ወሊዶች በጤና ተቋም የተካሄዱት 5 ብቻ ነበሩ። በ2019 ግን 48 ደርሰዋል። ከ100,000 በሕይወት የተወለዱ ልጆች አንጻር የሚሞቱት እናቶች ቁጥር በ2000ው ጥናት 871 ነበር፤ በ2016ቱ 412 ሆኗል። ሌላም ብዙ ነገር ረድቷል፤ ግን በየጤና ጣቢያው የተመደበችው አዋላጅ፣ አምቡላንሱና ከሩቅ የምትመጣ እናት ቀኗን የምትጠብቅበት የእናቶች ማቆያ ቤት ድርሻቸው ትልቅ ነው። ሆስፒታል መውለዴ ለድርድር አይቀርብም። ዱላም ብትኖር ሆስፒታል ውስጥ ነው የምትኖረው። «እቤት ላዋልድሽ» የምትል ዱላ ካጋጠመቻችሁ ሸኟት። ሆድ ላሽ የምትልም እንዲሁ። ወገብ ሌላ፣ ሆድ ሌላ።

እናቴ የተቆጣችው ግን በዚህ አይደለም። በገንዘቡ ነው። ፍቅር እንዴት ይገዛል ነው ነገሯ። እኔም መልስ አጣሁና ቆየሁ፤ መልሱ የመጣልኝ እሷው ስለ አያቴ ስታወራ ነው። አያቴን ያዋለዷት ሴትዮ በየወሊዱ ቀሚስ ወይም ሳሙናና ቡና ይሰጣቸው ነበር፤ ሳይበሉም አይሄዱም። «ታዲያ እሱ ክፍያ አይደለም?» አልኳት። «እሱ ስጦታ ነው» አለች። «ለለቅሶስ አልቃሽ ይጠራ አልነበር? አልቃሽ መጣች ተብሎ ዘመድ ማልቀስ ተወ?» አልኳት። «አንቺ ልጅ፣ ምጥን ከለቅሶ ታገናኛለሽ? በይ ማርያም በይ!» ብላ አማተበች። ክርክሩን ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ ምርቃቱን ግን ለሦስት ቀን ከለከለችኝ።

ለምን እናቴን ብቻ አላስገባም? በሩ ቢከፈትስ?

እናቴ እኔን ሲያመኝ ማየት አትችልም። ጥርሴ ሲነቀል ከእኔ በላይ ያለቀሰች እሷ ናት። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ በመስኮት ድምፄን ሰምታ ራሷን ይዛ ተቀመጠች፤ አክስቶቼ እኔን ትተው እሷን ሲያራግቡ ዋሉ። ምጥ ክፍል ብትገባ እኔ እሷን ሳጽናና ነው የምውለው። አጠገቤ የምትቀመጠውን ሰው «ዝም በይ» ማለት እፈልጋለሁ። እናትን ዝም በይ አይባልም። የሚከፈላት ሰው ግን ይባላል፤ አትቀየምም፤ ብትቀየምም ክርስትናው ላይ አታነሳውም።

ባለቤቴስ? እሱ ይገባ ነበር፣ ፈሪ አይደለም። ነገር ግን መጋረጃ በሌለው ክፍል ወንድ አይገባም፣ እኔም ለሌሎቹ ሴቶች ስል አልፈልገውም። ደግሞ ለእሱ የሚበቃው ሥራ ውጪ አለ። መድኃኒት ግዛ ይባላል፣ ካርድ አምጣ ይባላል፣ ደም ካስፈለገ ደም ስጥ ይባላል። ትልቁ ልጃችንንም ማን ይይዘዋል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ሰጥቶ፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ነው የሰጠው። ሦስቷንም በሩጫ ነው የሚጨርሳት።

በመጨረሻ ያገኘኋት ሴት አዋላጅ ነርስ ነበረች። የሆስፒታል ሥራዋን ትታ አሁን ሌላ ሥራ ትሠራለች፤ ሰው ሲጠይቃት ደግሞ ከምታውቃቸው እናቶች ጋር ትገባለች። ራሷን ዱላ ብላ አትጠራም። ሁሉም ሲስተር ነው የሚላት፣ እኔም ሲስተር እላታለሁ። ቡና ጋብዤ የልቤን ጠየቅኋት።

«ካንቺ ጋር ስሆን አዋላጅ አይደለሁም» አለችኝ ገና ሳልጀምር። «አልለካሽም፣ መርፌ አልነካም። እጄን ካስገባሁ ተረኛዋ ሥራዋን ለእኔ ትተውልኛለች፤ አንድ ነገር ቢፈጠር ማን ይጠየቃል?» ይህን ስትል ወደድኳት። ምጡ ሲጠና እንድደውልላት፣ ልጁ ጡት እስኪይዝ አብራኝ እንደምትቆይ፣ ኦፕራሲዮን ከሆነ እስከ በሩ ብቻ እንደምትደርስ ነገረችኝ። እንገሩን እንዳላስደፋ፣ ለሕፃኑ ቅቤ የሚባል ነገር እንዳላስነካ አስጠነቀቀችኝ። (እናቴ ይህን ከጓዳ ሰምታ ሳል አለች።) የፍርሃትን ነገርም አስረዳችኝ። ሴት ስትደነግጥ የሚረጨው አድሬናሊን ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሊያውከው ይችላል፤ ሰው አጠገብሽ ሲሆን የምትረጊው ለዚህ ነው አለችኝ።

ክፍያዋን ነገረችኝ። ለመጀመሪያው ልጄ የ40 ቀን ክርስትና ካወጣነው ግማሹን አይሞላም። ለበጉ፣ ለጠላው፣ ለድንኳኑ ስንከፍል «ለምን?» ያለ ሰው አልነበረም። ያን ቀን እኔ ጓዳ ተኝቼ ነበር፤ ድግሱን የበሉት ሌሎች ናቸው። ለእኔ ለራሴ የሚሆን ሲመጣ ነው ቅንጦት የሚባለው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። «ሆስፒታሉ ያስገባሻል ወይ?» ብዬ ስጠይቃት ፈገግ አለች። «እኔን ያውቁኛል» አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። የምከፍለው ለወገብ ማሸት ብቻ አይደለም። ለበሩ ነው። አክስቴ ወገብ መያዝ ትችላለች፤ የማትችለው ጥበቃውን ማለፍ ነው። ሲስተር ታልፋለች፤ እዚያ ሠርታለችና፣ ክፍሉ ውስጥ ምን እንደማይነካ ታውቃለችና፣ ጠብ እንደማትፈጥር ስለሚያምኗት። ባለቤቴ «እና ዘመድ ገዛን በይኛ» አለኝ። ልክ ነው። በቀጭኑ ሲታይ ያው «የማውቀው ሰው አለ» የምንለው ነገር ነው።

ይህ ይቆረቁረኛል። ከጎኔ ያለው አልጋ ላይ ከደቅ ደሴት ጀልባ ጠብቃ የመጣች ልጅ ልትተኛ ትችላለች። በመንግሥት ተቋም ወሊዱ ለእሷም ለእኔም ነጻ ነው። ምጡም አንድ ነው። እኔ ሲስተር አለችኝ፤ የእሷ እናት ዛፍ ሥር ናት። ለሲስተር ነገርኳት። «ለእሷም ውሃ አቀብላታለሁ፣ እጅ ያለው ሰው ዝም አይልም» አለችኝ። ደግ ናት። መፍትሔ ግን አይደለም። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በየአልጋው መሃል መጋረጃ መስቀል፣ ለአንድ እናት አንድ አስታማሚ መፍቀድ፣ ለዚያች አስታማሚ ደግሞ በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ ምን እንደምታደርግና ምን እንደማትነካ መንገር። ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው ትምህርት እኮ አለ፤ አብራ የመጣችውን እህት ወይም እናት «አንቺም ነይ ስሚ» ማለት ነው። ይህ ቢሆን እኔም ሲስተርን ላልቀጥራት እችል ነበር። እስከዚያው ግን የምወልደው ዘንድሮ ነው።

ስለዚህ ቀጠርኳት።

ያልተፈታ ነገር አለ። እሷ ከዓባይ ማዶ ናት፣ እኔ ከወዲህ። ምጤ ማታ ቢመጣ ባጃጅ ማግኘት ከባድ ነው። ሁለተኛ ልጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል። «አልደርስ ብልሽ አትጠብቂኝ፣ አምቡላንስ ጥሪና ሂጂ» ብላኛለች። ለዚያ ለሚያስፈራው ሌሊት ሌላ ሰው ማዘጋጀት ነበረብን። ማን ቀረ?

እናቴ።

ባለፈው ቅዳሜ ሲስተር ቤት መጣች። እናቴ ኩርፊያዋን ትታ ዘጌ ቡናዋን አፍልታ ተቀበለቻት፤ መጀመሪያ ግን የማን ልጅ እንደሆነች፣ የት እንደተወለደች፣ ስንት እንደወለደች፣ ንስሐ አባቷ ማን እንደሆኑ ጠየቀቻት። በሦስተኛው ስኒ ዝምድና ተገኘ፤ በእናቴ አያት በኩል። ከዚያ ሲስተር እኔን ወንበር ላይ ወደ ኋላ አዙራ አስቀመጠችኝና «እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለቻት። የእናቴን ጡጫ ይዛ ወገቤ ላይ የት እንደምትጫን አሳየቻት። እናቴ ጠላ እንደምትጠምቅ ሴት ክንዷን ሰብስባ ተጫነች። ጮህኩ።

«ቀስ እማማ፣ ገና አልያዛትም!» አለች ሲስተር።

«ይኸው ነው ሥራው?» አለች እናቴ፣ እጇን ሳታነሳ። «ይኸው ከሆነማ ክፍያውን ለሁለት እንካፈላለን።»